መኪናው ሲያንስ ቀለሙም ይነስ

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜ ሳንፈጅ ወደ ነገሩ እንግባ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የውድድር መኪና ሞዴሎች አሉ። ሁለቱም በ1/24 ልኬት የተሠሩ፣ ከአንድ ዓይነት ሳጥን የወጡ ናቸው። ክፍሎቻቸው አንድ፣ የተቀቡት የቀለም ቁጥርም አንድ ነው። ሆኖም አንደኛው መኪና ይመስላል፣ ሌላኛው ከረሜላ። ጠጋ ብላችሁ የበሩን መስመር እዩት። በመጀመሪያው ላይ መስመሩ እንደ ጸጉር ቀጥኖ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። በሁለተኛው ላይ ቀለም ሞልቶበት ደብዝዟል፤ በሩ የሚከፈት ሳይሆን በእርሳስ ተስሎ የቀረ ነው የሚመስለው።

ዛሬ የምናወራው ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ውፍረት። ፋብሪካው ርዝመቱንም ስፋቱንም ከፍታውንም 24 ጊዜ አሳንሶ ይሰጣችኋል። ውፍረትን ግን አያሳንስም፣ ማሳነስም አይችልም። ፕላስቲኩ ከ1 ሚሊ ሜትር እጅግ ከቀጠነ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በቅጡ አይፈስም። ዲካሉም (ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፈው የስምና የምልክት ተለጣፊ)፣ ቀለሙም እንደዚያው። ያንን ማቅጠን ለሠሪው የቀረ ሥራ ነው።

እስቲ እናስላው። የእውነተኛ መኪና ቀለም ከታች ከሚቀባው ፕራይመርና ከላይ ከሚለብሰው ቀለም አልባ ክሊር ጋር 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ለ24 ሲካፈል 0.004 ይመጣል። ይህን ያህል ስስ አድርጎ ቦዲ የሚሸፍን ርጭት የለም። እኛ ፕራይመር፣ ቀለምና ክሊር ደራርበን ስንጨርስ ሳናስበው 0.1 ሚሊ ሜትር እንደርሳለን፤ በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ቀለም እንደማልበስ ማለት ነው። አሁን የበሩን ክፍተት አስቡ። በእውነተኛው 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን በሞዴሉ 0.17 ነው። ከሁለቱም ጠርዝ 0.05 ሲደረብበት የሚቀረው 0.07 ነው። እጃችሁ ትንሽ ከከበደ እሱም ይደፈናል።

ስለዚህ የቀለም ሥራ የሚጀምረው ቀለሙ ሳይከፈት፣ መስመሮቹን በማጥለቅ ነው። 0.15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መፋቂያ ያዙና በነባሩ ቦይ ውስጥ ሳትጫኑ፣ በመሣሪያው ክብደት ብቻ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ጎትቱት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉተታዎች ምንም የሠሩ አይመስሉም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥት ያጣና ይጫናል፣ ጫፉ ከቦዩ ይወጣና በኮፈኑ ላይ ጭረት ይተዋል። በጠማማ ቦታ፣ በተለይ በሩ ከፓራፋንጎው ጋር በሚገናኝበት፣ ጠንካራና ወፈር ያለ ተለጣፊ በመስመሩ ዳር አስደግፉ። ከሳታችሁ ጭረቱን በስቱኮ አትሙሉት። ስቱኮ ከፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ከጎኑ መልሳችሁ ስትፍቁ ጠርዙ ይፈረፈራል። በሱፐር ግሉ ሞልታችሁ፣ በደረቀ በሰዓታት ውስጥ ሞርዱት። ካደረ ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና እሱ ሳይነካ ዙሪያው ብቻ ይበላል።

ቦዲውን ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ስታላቅቁ ከክፍሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ትርፉን በምላጭ፣ ከዚያም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ። ተጠግቶ የተቆረጠ ፕላስቲክ ነጥቶ ይቦደሳል። ሁለቱ የቅርጽ ብረቶች የተገናኙበት ስስ መስመር ብዙ ጊዜ በፓራፋንጎው ጀርባ ላይ ይሄዳል። በብርሃን ካላጋደላችሁት አይታይም፣ ከቀለም በኋላ ግን ከየትም ይታያል። በ600 ከዚያም በ1000 ቁጥር ወረቀት ውሃ እየነካችሁ አጥፉት።

ቀጥሎ ማንም የማይወደው ሥራ አለ፦ ቀለም ሳይነካው ሙሉውን መኪና በወረቀት ፕላስተር እያያዙ መግጠም። ቦዲው በሻንሲው ላይ ይቀመጣል? ጎማዎቹ ፓራፋንጎውን አይነኩም? መስታወቱ ከውስጥ ይገባል? አሁን ጥብቅ ብሎ የገባ ነገር ሁሉ ከቀለም በኋላ አይገባም። ጉጥና ቀዳዳው በየጎኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ይፈታ። የፎርሙላ 1 መኪና ከሆነ ደግሞ አራቱም ጎማዎች መሬት መንካታቸውን በመስታወት ቁራጭ ላይ አስቀምጣችሁ ፈትሹ። የሰስፔንሽኑ ዘንጎች ቀጫጭን ስለሆኑ ሙጫው ሳይደርቅ ተጣመው ይቀራሉ፤ መኪናው በመስታወቱ ላይ እንደቆመ ሌሊቱን ይደር።

ከዚያ በሳህን ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ፕላስቲኩ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባትና የጣታችሁ ወዝ ከቀሩ ቀለሙ በዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል፤ ክብ ክብ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ጉድጓዶች ይወጣሉ። ከታጠበ በኋላ ቦዲውን በጣት አትንኩት፤ ከውስጥ በኩል በጠርሙስ ወይም በሽቦ ማቆሚያ ላይ ይያዝ።

ፕራይመር ሦስት ሥራ አለው፦ መያዝ፣ ጉድለትን ማሳየት፣ የላይኛውን ቀለም መቃኘት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቢጫና ቀይ ስስ ቀለሞች ናቸው። በግራጫ ላይ ቢጫን ብትረጩ አረንጓዴነት ይመጣበታል፤ ለማጥፋት ደጋግማችሁ ትረጫላችሁ፣ ውፍረቱም ይጨምራል። በነጭ ላይ ግን በሁለት ዙር ይደምቃል። ከቀይ በታች ሮዝ ፕራይመር ካለ የበለጠ ይጠልቃል። ለክሮም ዓይነት ብረታማ ቀለም ደግሞ ከታች የሚያብለጨልጭ ጥቁር ያስፈልጋል። ትክክለኛ መሠረት ማለት ጥቂት ዙር ማለት ነው፤ ጥቂት ዙር ማለት ደግሞ የማይሞላ የበር መስመር።

የቀይ ፕላስቲክ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ቀያይ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከቀይ ፕላስቲክ ተሠርተው ይመጣሉ። ነጭ ክንፍ ወይም ነጭ ሰንበር ልትቀቡበት ካሰባችሁ የፕላስቲኩ ማቅለሚያ በላካው (ቶሎ በሚደርቀው ኃይለኛ ቀለም) ቲነር ይሟሟና ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ ነጭ ሆኖ ያደረው በሳምንቱ ሮዝ ነው። ነጭ መጨመር አይፈታውም፤ አዲሱ ቲነር እንደገና ይስበዋል። መፍትሔው በመካከል የብር ቀለም መርጨት ነው። የብር ቅንጣቶቹ እንደ ቅርፊት ተደራርበው ያግዱታል። ከዚያ ነጭ ፕራይመር፣ ከዚያ ነጩ።

ለኤርብረሽ (በአየር ግፊት ለሚሠራው ትንሽ መርጫ) የላካ ቀለም ከቲነር ጋር ያለው ምጣኔ አንድ ለአንድ ተኩል አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከብልቃጥ ብልቃጥ ስለሚለያይ በዓይን ማስተካከል ይኖራል። በጽዋው ጠርዝ ላይ ስትነኩት እንደ ወተት ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት። 0.3 ሚሊ ሜትር አፍ፣ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊት፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርቀት። መጀመሪያ ሁለት የጭጋግ ያህል ስስ ዙሮች፣ በየመካከሉ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እርጥብ ዙሮች። በስፕሬይ ጣሳ የምትሠሩ ከሆነ ጣሳውን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩት። ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ነጠብጣቡም ያንሳል። እሳት ላይ ማሞቅ የሚባል ነገር የለም፤ ይፈነዳል። ርጭቱ ከመኪናው ውጭ ይጀመር፣ ከመኪናው ውጭ ይቁም፤ ጣሳ ሲከፈትና ሲዘጋ ይተፋልና።

ስህተቱን ከመልኩ ታውቁታላችሁ። የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ሸካራነት ከመጣ ከሩቅ ረጭታችኋል ወይም ቀለሙ ወፍሯል፤ ነጠብጣቡ ሳይዘረጋ አየር ላይ ደርቋል። ከወረደ ቀርባችኋል ወይም እጃችሁ ቆሟል። የወረደውን በጨርቅ አትንኩ፤ 48 ሰዓት ይድረቅና በ1000፣ ቀጥሎ በ1500 ቁጥር ይስተካከል። ነጭ ጉም ከለበሰ አየሩ እርጥበት አለው። ቲነሩ ሲተን ቦዲውን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩም እርጥበት በላዩ ይጤዛል። ዝናብ ባለበት ቀን አለመርጨት ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል። እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደግሞ ኃይለኛው ቲነር ባዶ ፕላስቲክ አግኝቷል።

ስለ ጭስ አንድ ቃል። ተራ የአቧራ ጭንብል የላካ ትነትን አያቆምም፤ ከሰል ያለበት የኬሚካል ትነት ማጣሪያ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ክፍል ያለው፣ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ክሊር ደግሞ አይሶሳይኔት ስላለው ያለ ማጣሪያና ያለ አየር ማውጫ ፈጽሞ አይረጭም።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ መኪና እንምጣ። የፎርሙላ 1 መኪናው ማክላረን ኤምፒ4/4 በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ16 ውድድሮች 15ቱን አሸንፏል። ሁሉም ሊሠራው ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ በተራ ቀይ ይቀባዋል። የእውነተኛው መኪና ቀይ ግን ፍሎረሰንት ነበር፤ በአንዱ ፎቶ ብርቱካናማ፣ በሌላው ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ፍሎረሰንት ቀለም ሦስት ጸባይ አለው። አንደኛ፣ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከታች ንጹሕ ነጭ ካላገኘ ሞቶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ ደብዛዛ ነው፤ ክሊር ሳይረጭበት አትፍረዱበት። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዙር ቀለሙን ስለሚያጠልቀው የአፍንጫውና የክንፉ የዙር ብዛት ከተለያየ ሁለት ዓይነት ቀይ ይወጣል። ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ማቆሚያ ላይ ደርድራችሁ፣ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ዙር ርጩ። ከሳጥኑ የሚመጣውን ቀይ ዲካል ከፍሎረሰንቱ ጋር ማዛመድ ስለማይቻል የነጭና የቀይ መለያ ማዕዘኖቹን በፕላስተር ከልሎ መርጨቱ ይመረጣል። ፀሐይ ያደበዝዘዋልና መስኮት ዳር አታቁሙት።

መከለል ስንል ዋናው የፕላስተሩ ጠርዝ ነው። ከጥቅሉ የመጣው ጠርዝ አቧራ ይዟል፤ በመስታወት ላይ ለጥፋችሁ በአዲስ ምላጭ ቁረጡት። ከለጠፋችሁ በኋላ በጠርዙ ላይ መጀመሪያ የታችኛውን ቀለም በስሱ ርጩ። ሊሰርግ የነበረው ቀዳዳ በዚያው ቀለም ይደፈናል፣ ከዚያ የሚመጣው አዲሱ ቀለም መግቢያ ያጣል። በ1991 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት የ«ለ ማን» ውድድር ያሸነፈው ብርቱካናማና አረንጓዴው ማዝዳ 787ቢ፣ ቁጥር 55፣ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ መጨረሻ አረንጓዴ። ከነጣው ቀለም ወደ ጠቆረው መሄድ ነው። ፕላስተሩን ቀለሙ ገና ትንሽ ለስለስ ሲል፣ ወደ ራሱ አጥፋችሁ በዝግታ አንሡት። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሲነሣ ጠርዙ ላይ ግንብ ይቆማል፤ ያ ግንብ በእውነተኛው መኪና ላይ ቢሆን ሚሊ ሜትሮች ከፍታ ይኖረው ነበር።

ዲካል ከመለጠፋችሁ በፊት የትኛውን ቀን እንደምትሠሩ ወስኑ። ለምሳሌ የፎርሙላ 1 መኪናውን «ሎተስ 49» ማለት በቂ አይደለም። የ1967ቱ አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ ሰንበር አለው፣ ክንፍ የለውም። የ1968ቱ ቀይ፣ ነጭና ወርቃማ ነው፤ ክንፍም በዚያው ዓመት መጣ። ሁለቱን የቀላቀለ ሞዴል ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ አንድም ቀን ያልተነዳ መኪና ነው። የትምባሆ ስሞች በብዙ ሳጥኖች ውስጥ እንዲቀሩ ስለተደረገ የተሟላ ዲካል ለብቻው ይፈለጋል።

አለጣጠፉ ቀላል ነው፣ ችኮላ ብቻ ነው የሚያበላሸው። ለብ ባለ ውሃ 15 ሰከንድ ነክራችሁ አውጡና በወረቀት ላይ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ሙጫው ታጥቦ ይሄዳል። በቦታው ካንሸራተታችሁ በኋላ ውሃውን ከመሐል ወደ ዳር በጥጥ አውጡ። በጎባጣ ቦታ ማለስለሻ ፈሳሹን በስሱ ቀቡትና እጃችሁን ሰብስቡ። ዲካሉ ይሸበሸባል። ያኔ ነው ሰው ደንግጦ የሚነካውና የሚቀድደው። ተዉት፤ በ20 ደቂቃ ራሱ ይለጠጣል። የበር መስመር ላይ የተኛውን በምላጭ ሰንጥቃችሁ እንደገና ፈሳሹን ስጡት፣ ወደ ቦዩ ይገባል።

ክሊር ከመረጨቱ በፊት ዲካሉ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ። ከታች ውሃ ከቀረ በክሊሩ ስር አረፋ ይሆናል። የላካ ክሊር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ደረቅ ሊባሉ የሚችሉ ስስ ጭጋጎች ይሁኑ፤ አንድ እርጥብ ዙር ከቀደመ ቲነሩ ዲካሉን ያኮማትረዋል። ከእነዚያ በኋላ ሁለት እርጥብ ዙር፣ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ በ2000 ቁጥር ወረቀትና በሳሙና ውሃ የዲካሉን ጠርዝ ማውረድ፣ መጨረሻ አንድ እርጥብ ዙር። የምትሞርዱት የዲካሉ ውፍረት እስኪጠፋ ብቻ ነው። የፓራፋንጎ ጫፍና የበር ጠርዝ ላይ ቀለሙ ሁልጊዜ ሳስቶ ይገኛል፤ በወረቀት አንድ ጊዜ ካለፋችሁበት ነጩ ፕራይመር ብቅ ይላል። ጠርዞቹን በቀጭን ፕላስተር ሸፍናችሁ ሥሩ። ፖሊሽ ከሳምንት በኋላ ነው። መድረቁን በአፍንጫችሁ አረጋግጡ፤ ሽታ ካለው አልደረቀም።

በመስመሮቹ ውስጥ የሚገባው ጥላ በኢናሜል፣ ቀስ ብሎ በሚደርቀው የዘይት ቀለም፣ ይሠራል፤ የኢናሜል ቲነር የደረቀ ላካን አይነካምና ትርፉ ይጠረጋል። ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ አይቻልም፤ ላካ በኢናሜል ላይ ከተረጨ ያሸበሽበዋል። በነጭ መኪና ላይ ግራጫ፣ በቀይ ላይ ጥቁር ቡናማ ተጠቀሙ። ጥቁር በሁሉም ላይ መፍሰሱ የተለመደ ቢሆንም መኪናውን ካርቱን ያስመስለዋል።

ከቦዲው ውጭም ውፍረት ያሳድዳችኋል። በ1/20 የፎርሙላ 1 ሞዴል የኋላ ክንፍ ሳህን 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእውነቱ 20 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው። ጠርዙን ብቻ ከውስጥ በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ በሞረድ አሳሱት፤ ዓይን የሚያየው ጠርዙን ነው። የውድድር ቀበቶ ስፋቱ በተለምዶ 76 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1/24 ልኬት 3.2፣ በ1/20 ደግሞ 3.8 ሚሊ ሜትር። ወፍራሙን የፕላስቲክ ቀበቶ ፍቃችሁ ከቀጭን ፕላስተር የቆረጣችሁትን ተኩበት። የካንዴላ ገመድ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ በ1/24 ልኬት 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ በቂ ነው። ከዚያ የወፈረ ሽቦ ሞተሩን ማካሮኒ የፈሰሰበት ያስመስለዋል።

ካርቦን ፋይበርም እንዲሁ። የተለመደው ጨርቅ አንድ ክር ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ1/20 ልኬት 0.1። በክንድ ርቀት ላይ ሽመናው መታየት የለበትም፣ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ማብለጭለጭ ብቻ ነው ያለበት። የሚሸጡት የካርቦን ዲካሎች አብዛኞቹ ግን እንደ ሰሌን ጎልተው ይታያሉ። ካላችሁ ውስጥ ትንሹን ሽመና ምረጡ፣ በላዩም ጥቁር የተቀላቀለበት ስስ ክሊር ርጩ። ዓመቱንም አትርሱ፤ በፎርሙላ 1 ሙሉ የካርቦን አካል ይዞ የመጣው የመጀመሪያው መኪና የ1981ዱ ማክላረን ኤምፒ4/1 ነው። የ1978 መኪና አካል ላይ የካርቦን ዲካል መለጠፍ ስህተት ነው።

ማርሚታው የሚያስደስት ክፍል ነው። የብረት ቀለም ተቀብቶ ሲደርቅ የጋለ እንዲመስል አሳላፊ ቀለሞች ይረጩበታል። ብረት ሲግል መጀመሪያ ገለባማ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ሰማያዊው ከሞተሩ ራስ አጠገብ፣ ቢጫው ራቅ ብሎ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቱቦው ከጭራው በኩል የጋለ ይመስላል።

ጎማ ከሳጥኑ ሲወጣ መሐሉ ላይ የቅርጽ ስፌት አለው፣ ገጹም ያብረቀርቃል። በቁፋሮ መሣሪያ ላይ ሰክታችሁ በዝግታ እያሽከረከራችሁ በ400 ቁጥር ወረቀት ብትይዙት ስፌቱ ይጠፋል፣ መሬት የሚነካው ክፍልም እንደሮጠ ጎማ ደብዛዛ ይሆናል፤ ጎኑ ትንሽ ወዝ ይኑረው። ከ1998 እስከ 2008 ባሉት የፎርሙላ 1 መኪኖች ጎማው ላይ ቦዮች አሉ፣ ከ1971 አካባቢ እስከ 1997 እና ከ2009 ወዲህ ግን ለደረቅ መንገድ የሚሆነው ለስላሳ ነው። ከቪኒል የተሠራ ጎማ ደግሞ የሚያለሰልሰው ዘይት በዓመታት ውስጥ እየወጣ ቸርኬውን ያቀልጠዋል። ቸርኬውን በፕራይመርና በላካ በደንብ ሸፍኑት፤ በማሳያ ሳጥን ውስጥም መኪናው በጎማው ላይ እንዳይቆም ከሻንሲው ስር በትንሽ እንጨት 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።